ተርቦው ከመቀየሩ በፊት ቱቦው ይታይ

አንዲት ጎረቤታችን ልጆቿን የምታሳድገው ከአንድ የናፍጣ ሚኒባስ በሚገኝ ገቢ ነው። ሰሞኑን መኪናው ዳገት ላይ መድከም፣ ጥቁር ጭስ መትፋትና ነዳጅ ሲሰጠው ማፏጨት ጀመረ። የታየበት ጋራዥ «ተርቦው ሞቷል፤ ይቀየር» አላት። ለልጆቿ ትምህርት ቤት ያጠራቀመችውን ገንዘብ ልታወጣ ስትል አንድ አዛውንት መካኒክ «ልጄ፣ መጀመሪያ ቱቦው ይታይ» ሲሉ መከሯት። ጥፋቱ ጥፍር የምታህል የቱቦ ስንጥቅ ሆና ተገኘች።

ይህ ለብዙዎቻችን ትምህርት ይሆናል። ተርቦ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ አየር አምቆ ለሞተሩ የሚያቀርብ መሣሪያ ነው። የታመቀው አየር በላስቲክ ቱቦዎችና ኢንተርኩለር በሚባለው የአየር ማብረጃ አልፎ ወደ ሞተሩ ይገባል። ከእነዚህ አንዱ ከተሰነጠቀ ወይም የቱቦው ማሰሪያ ከላላ አየሩ መንገድ ላይ ይባክናል። ናፍጣውም በቂ አየር ስለማያገኝ በሚገባ ሳይቃጠል ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ጉልበት ይቀንሳል። መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ግን ግፊቱ አነስተኛ ስለሆነ ስንጥቁ ላይታወቅ ይችላል።

ምርመራው ለእኛ ለእናቶች እንግዳ አይደለም። የጋዝ ሲሊንደር ስንገጥም መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ እንፈትን የለም? የመካኒኩም ዘዴ ይኸው ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ከበረደ በኋላ መጀመሪያ ቱቦዎቹን፣ በተለይም የማይታየውን የታችኛውን ጎናቸውን በእጁ ይዳስሳል። ዘይት ያወዛ ስፍራ ካለ አየር የሚያመልጥበት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ከአየር ማጣሪያው የሚመጣውን ቱቦ ነቅሎ የተርቦውን መግቢያ ይደፍናል፤ ከ1 ባር ያልበለጠ አየርም ቀስ አድርጎ ይሞላል። የሳሙና ውሃ ሲረጭበት የሚያፈስሰው ቦታ አረፋ ያወጣል። ግፊት ማብዛት ቱቦውን ነቅሎ ሰው ሊጎዳ ስለሚችል ይህ ሥራ ለባለሙያ መተው አለበት።

የእኛ ድርሻ መጠየቅ ነው። «በአየር ተፈትኗል ወይ? አረፋው የት ወጣ? እስቲ ያሳዩኝ» ማለት ነውር የለበትም። ቱቦዎቹና መገጣጠሚያዎቹ ደኅና ከሆኑ ያን ጊዜ ስለ ተርቦው መነጋገር ይቻላል። ነገር ግን «ቱቦ ብቻ ነው» ብሎ ማቆየትም አይገባም፤ የጠፋውን አየር ለመተካት ከአቅሙ በላይ የሚሽከረከር ተርቦ ውሎ አድሮ በእርግጥ ይሞታልና። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።