መቶ ለባዶ

ስለ ተሸናፊ ጨዋነት ብዙ ተብሏል። የተሸነፈ አያኩርፍ፤ ዳኛውን አይሳደብ፤ የባላጋራውን እጅ ይጨብጥ እንላለን። ባሸነፈው ወገን ላይ ስላለው ግዴታ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ ወደ አሸናፊው ዘወር እንበል።

እ. ኤ. አ. በጥር 2009 በአሜሪካ አገር፣ በዳላስ ከተማ፣ የሁለት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሴቶች በቅርጫት ኳስ ተጋጠሙ። አንደኛው ኮቨናንት የሚባል ትምህርት ቤት ነው። ሁለተኛው ዳላስ አካዳሚ ሲሆን፣ በንባብና በትኩረት ችግር ምክንያት ትምህርት የሚከብዳቸውን ልጆች ያስተምራል፤ ለቡድኑ የነበሩትም ስምንት ልጃገረዶች ብቻ ነበሩ። እስከ እረፍት 59 ለ 0 ሆነ። መጨረሻው 100 ለ 0። አሸናፊው ትምህርት ቤት በውጤቱ ማፈሩን ገልጦ ይቅርታ ጠየቀ። አሠልጣኙ ግን ልጆቹ በክብር ስለ ተጫወቱ የሚያሳፍር ነገር የለም ሲል በይቅርታው እንደማይስማማ ጻፈ፤ ወዲያውም ከሥራው ተሰናበተ።

የአሠልጣኙ ክርክር እንዲያው የሚናቅ አይደለም። ሲሠለጥን የከረመን ተማሪ አትጫወት ቢሉት ቅር ይለዋል። ደግሞም ሆን ብሎ ኳስ እያባከነ በደካማው ላይ የሚሣለቅ ቡድን ከመቶው ነጥብ የከፋ ስድብ ይሰድባል። ታዲያ መካከለኛው መንገድ የቱ ነው?

መልሱ ያለው ከጨዋታው ጠባይ ነው። በቅርጫት ኳስ ነጥብ የተቆጠረበት ቡድን ኳሱን የሚያስጀምረው ከራሱ ቅርጫት ሥር ነው። ብርቱው ቡድን እዚያው ድረስ ሄዶ ካፈነው፣ ደካማው የሜዳውን አጋማሽ እንኳ ሳይሻገር ይቀማል፤ ወዲያው ሌላ ነጥብ ይቆጠርበታል። በ2015 በካሊፎርኒያ የአሮዮ ቫሊ ሴቶች ብሉሚንግተንን ሲገጥሙ፣ በመጀመሪያው አጋማሽ ሙሉ ሜዳውን እያፈኑ 104 ለ 1 መሩ። ከእረፍት በኋላ ተጠባባቂዎቹ ገብተው የዚያ አጋማሽ ውጤት 57 ለ 1 ሆነ፤ በድምሩ 161 ለ 2 ማለት ነው። አሠልጣኙ ለሁለት ጨዋታ ታገደ። ርኅራኄው አልቀረም፤ ግን ዘግይቶ ደረሰ።

እንግዲህ ልዩነቱ መስፋት ሲጀምር አሠልጣኙ ማፈኑን ያስቁም፤ ቡድኑን ወደ ራሱ ቅርጫት ይመልስ፤ ዋናዎቹን አሳርፎ ወንበር ሲያሞቁ የከረሙትን ያስገባ። የገቡት ግን ከልባቸው ይጫወቱ። እንዲህ ከሆነ ተሸናፊው ጨዋታ ያገኛል፤ ተጠባባቂውም ዕድል ያገኛል፤ የተዋረደም አይኖርም። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ልዩነቱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ሰዓቱ ሳይቆም እንዲሮጥ የሚያዝ ደንብ አለ። ደንቡ ጭንቁን ያሳጥራል፤ ጠባይ ማነጽ ግን የአሠልጣኙ ፈንታ ነው።

«ግንድ ሲወድቅ ምሳር ይበዛበታል» ይላል ያገራችን ተረት። ዛሬ ሜዳ ላይ ያለው ተማሪ ነገ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ፣ ማኅተሙ በእጁ ሆኖ፣ ወረቀቱን ይዞ የቆመ ባለጉዳይ ይገጥመዋል። ያን ቀን የሚመልስለት መልስ፣ በ60 ነጥብ እየመራ ሳለ አሠልጣኙ ምን እንዳስተማረው ይመሰክራል።