የቋንቋ ዓምድ፦ «ቬሪ» እና «ቱ»
በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሣው ብዙ ወጣቶቻችን ሲያቀያይሯቸው የምንሰማቸውን ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ነው። እነርሱም «ቬሪ» እና «ቱ» ናቸው። ስሕተቱ የሚመነጨው ከራሳችን ልማድ ነው። ሻዩ ደስ የሚል ሙቀት ሲኖረውም፣ ምላስ ሲልጥም «በጣም ትኩስ ነው» ብለን እናልፋለን። እንግሊዝኛ ግን ሁለቱን ይለያል።

«ቬሪ» የነገሩን ብርታት ብቻ ይናገራል። ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የመጣ ሲሆን ጥንተ ትርጉሙ «እውነተኛ» ነበር። «ቱ» ግን ፍርድ አለበት፤ ልክ አለ፣ ነገሩም ያንን ልክ አልፏል ይላል። ስለዚህ «ዚስ ባግ ኢዝ ቬሪ ሄቪ» ያለች እኅት ሻንጣው ከባድ መሆኑን ተናገረች እንጂ አልችለውም አላለችም። አሠሪዋ «እንግዲያው ቀስ ብለሽ አንሺው» ብትላት አይፈረድባትም። «ቱ ሄቪ ፎር ሚ» ብትል ግን «ከአቅሜ በላይ ነው» ማለቷ ነው። በሰው አገር ሠርተው ለሚያድሩ ልጆቻችን ይህ ልዩነት የወገብ ጤና ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በሐኪም ፊትም እንዲሁ ነው። መድኃኒቱ «ቱ ስትሮንግ» ሆነብኝ ሲባል የሰማ ሐኪም መጠኑን ስለ መቀነስ ያስባል፤ «ቬሪ ስትሮንግ» ከተባለ ግን ያመሰገኑት ሊመስለው ይችላል።

ከዲናችን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ከአነስ (ረ.ዐ.) ዘግበዋል። ሙድ የመካከለኛ ሰው ሁለት እጆች ተጋጥመው የሚይዙት ያህል ነው። ይህ ውሃ በእንግሊዝኛ «ቬሪ ሊትል» ነው፤ «ቱ ሊትል» ግን አይደለም፤ በቅቷልና። ቧንቧ ከፍቶ ፊቱን እስኪታጠብ ግማሽ ባልዲ የሚያፈሰው ደግሞ «ቱ ማች» ተጠቅሟል። ኢስራፍ የምንለው ይኸው ነው።

ይበልጥ መጠንቀቅ የሚገባን ስለ አላህ (ሱ.ወ.) ስንናገር ነው። አንድ ወንድማችን ለእንግዳ እስልምናን ሲያስረዳ በቅን ልቡና «አላህ ኢዝ ቱ መርሲፉል» ቢል፣ ሰሚው «እዝነቱ ከሚገባው ያለፈ ነው» ብሎ ይረዳዋል። ይህ ጉድለትን ወደ ጌታችን ማስጠጋት ነው፤ አላህ ከዚህ የጠራ ነው። አብደላህ ዩሱፍ ዐሊ ከ1934 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በታተመው የቁርኣን ትርጉማቸው ለአር-ረሕማንና ለአር-ረሒም የመረጡት «ሞስት» የሚለውን ቃል ነው።

«ቱ» የማያስወቅስባቸው ቦታዎችም አሉ። በዐረፍተ ነገር መጨረሻ ሲመጣ ብዙ ጊዜ «ደግሞ» ማለት ነው፤ «አይ አም ፋስቲንግ ቱ» ቢባል «እኔም ጾመኛ ነኝ» ነው። ስጦታ ሲቀበሉም «ዩ አር ቱ ካይንድ» ማለት የትሕትና አነጋገር ነው። «ታንክ ዩ ቱ ማች» ግን አይባልም፤ «ቬሪ ማች» ነው።