የነፋስ ልደት በንፋስ መውጫ

አንባቢ ሆይ፤ ደመወዝ ሊወጣ ዐሥር ቀን ሲቀረው የልጅዎ ልደት ቢደርስብዎ ምን ያደርጋሉ? አንድ የመሥሪያ ቤት ወዳጄ ይህ ቢደርስበት ገንዘብ ተበደረና ኬክ ከባሕር ዳር አስመጣ። ከባሕር ዳር እስከ ንፋስ መውጫ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱም ዳገትና ጠመዝማዛ ስለ ሆነ፣ ኬኩ ከሻንጣ ሥር ተጭኖ ሲደርስ የተረገጠ ጭቃ ይመስል ነበር። እናቲቱ አዘነች፤ አባትየው ተቆጣ፤ የ4 ዓመቷ ባለ ልደት ግን ባዶውን ካርቶን ወስዳ ቤት ሠርታ ስትጫወትበት ዋለች። ዕዳው ሁለት ወር ቆየ። እኔም ከተጋባዦቹ አንዱ ነበርሁና ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ያ ካርቶን ነው።

«ልደት ማክበር የፈረንጅ ነገር ነው፤ እኛ ለሕፃን የምንደግሰው ክርስትናውን ነው» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ መደገሱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ግንቦት 1 ቀን የሚውለውን ልደታን ያስቡ፤ ጎረቤት ከደጅ ተሰብስቦ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ዳቦ ይቆርሳል፣ ልጆች በዙሪያው ይሯሯጣሉ። ከዚህ የተሻለ የልደት ግብዣ ሥርዓት ከወዴት እናመጣለን?

በትልልቅ ከተሞች ለልደቱ አንድ ርእስ ይሰጡታል፤ አንዱ የአንበሳ፣ አንዱ የልዕልት እያለ ጌጡንም ምግቡንም በዚያው መልክ ያዘጋጃል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ የሚከፋው ጌጡን ሁሉ ከሱቅ መግዛቱ ነው። ለእኛማ ርእሱን ከተማይቱ ራሷ በስሟ ሰጥታናለች። የነፋስ ልደት እናድርገው!

ዋናው ጌጥ በነፋስ የምትሽከረከር የወረቀት መዘውር ናት። ያለፈ ዓመት የግድግዳ ካሌንደር ወረቀቱ ወፈር ያለ ስለ ሆነ ይስማማታል። በአራቱም ጎን 15 ሳንቲ ሜትር አድርገው ይቍረጡት። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለት ጊዜ አጥፈው ይዘርጉት፤ በእጥፋቱ መስመር ላይ ከአራቱም ማዕዘን ወደ መካከል ይቅደዱ፤ ነገር ግን መካከሉ ሊደርስ ሁለት ጣት ሲቀረው ያቁሙ። አሁን ስምንት ጫፎች ይኖራሉ። አንዱን እየዘለሉ አራቱን ወደ መካከል ያምጡና በስፒል ወግተው ከቀጭን እንጨት ጋር ያያይዙ። በወረቀቱና በእንጨቱ መካከል ከያለቀ እስክሪብቶ ቀፎ የተቈረጠች ትንሽ ቁራጭ ካላገቡ መዘውሯ አትዞርም፤ እኔ ይህን ሳላውቅ ሦስት አበላሽቻለሁ። ከኋላ የወጣውን የስፒል ጫፍ አጥፈው በጨርቅ መጠቅለል አይርሱ።

«ፊኛ ይቀላል» ይሉኝ ይሆናል። ፊኛ ይፈነዳል። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ጦርነት ወደዚች ከተማ ገብቶ ነበር፤ ያን ጊዜ ሕፃናት የነበሩት ዛሬ የባለ ልደቱ ታላላቆች ናቸው። በዚያ በነገርኋችሁ ግብዣ ላይ አንድ ፊኛ ሲፈነዳ አንዲት ልጅ ጆሮዋን ይዛ ከጠረጴዛ ሥር ገባች። ትልልቆቹ ሳቁ፤ እርሷን ግን ለማውጣት ብዙ ጊዜ ፈጀ። መዘውር ድምፅዋ የወረቀት ሹክሹክታ ብቻ ነው።

ስለ ምግቡ ብዙ አልናገርም፤ ባለቤትዎ ወይም እናትዎ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። ነገር ግን አስቀድመው ቀኑን ይመልከቱ፤ ረቡዕ ወይም ዓርብ፣ ወይም ጾም ላይ ቢውል እንቁላልና ቅቤ ለሚጾመው እንግዳ አይሆኑም፤ ድፎ ዳቦና ንፍሮ ግን በማናቸውም ቀን ይበላሉ። እኛ የምንኖረው 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለ ሆነ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ስንዴውንና ሽምብራውን ሌሊቱን ዘፍዝፈው ያሳድሩ፤ አለዚያ ልጆቹ በድስት ዙሪያ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ሊጡም በብርድ ቶሎ አይነሣምና ከምድጃው አጠገብ በጋቢ ሸፍነው ያስቀምጡት። ለመጠጥ ብርዝ ይበቃል። ሻማውን ከቤት ውስጥ ያብሩ፤ ከደጅ ያበሩት እንደ ሆነ ባለ ልደቱ ከንፈሩን ሳያሞጠሙጥ የጋይንት ነፋስ ቀድሞ ያጠፋዋል።

ጨዋታው ከደጅ ይሁን። የዶሮ ላባ በእስትንፋስ እየነፉ ወደ ምድር እንዳትወርድ ማድረግ ሕፃናትን በሳቅ ያፈርሳቸዋል። ለከፍ ከፍ ያሉት ገለባ የተቀላቀለበት አንድ ጣሳ ገብስና ትንሽ ሰፌድ ይስጧቸውና ነፋሱን ጠብቀው ያዝሩት፤ አባቶቻቸው በአውድማ የሚያደርጉትን ነውና በኩራት ይሠሩታል። ሲደክማቸው እንቆቅልሽ ይጠያየቁ፤ ያላወቀው አገር ሲሰጥ ንፋስ መውጫን መስጠት ግን ክልክል ይሁን። ከ4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ከቀኑ ይበቃል፤ ስምንት ልጆችም ከበቂ በላይ ናቸው። ስጦታ እንዳያመጡ አስቀድመው ለወላጆቻቸው ይንገሩ፤ ይልቁንስ እያንዳንዱ ልጅ መዘውሩን ይዞ ይሂድ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከተጋባዦቹ መካከል ልደቱን የማያውቅ ልጅ አይታጣም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት መዝገብ ቢደነግግም፣ ምዝገባው በመላው አገር የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። በዚያ ግብዣ ላይ ከገጠር መጥቶ ከአክስቱ ጋር የሚኖር አንድ ብላቴና አጠገቤ ቆሞ «የእኔስ መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የምመልሰው አጣሁ። በገበያ ቀን እናቱ ስትመጣ ጠየቅኋት፤ ቀን አልቈጠረችም፤ ነገር ግን «ገብሱ ታጭዶ፣ ለገና ሦስት ቀን ሲቀረው» አለችኝ። ልጁ የቆመው ከጎኔ ነበር። «ታኅሣሥ 26 ማለት ነው» አልሁት። ከኪሱ እርሳስ አወጣና በመዘውሩ እንጨት ላይ ጻፈው።