7443፦ የአያቴ ዓመት

አያቴ አትላንታ ሲገቡ ወረቀታቸው ላይ «ጃንዋሪ 1 ቀን 1949» ተጻፈ። በእኛ አቆጣጠር 1941 ዓ.ም. ነው። እሳቸው ግን «የተወለድኩት በዘመነ ሉቃስ፣ እንቁጣጣሽ ሰኞ በዋለበት ዓመት ነው» ይላሉ።

ልጆች፣ እርሳስ ያዙ። በባሕረ ሐሳብ ከክርስቶስ ልደት በፊት 5500 ዓመት ይቆጠራል። 1941 ሲጨመርበት 7441 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 1860 ደርሶ 1 ይቀራል። 1 ማቴዎስ ነው፤ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፤ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። ወረቀቱ ተሳስቷል!

ቅርብ ያሉት የሉቃስ ዓመቶች 1939 እና 1943 ናቸው። 1943ን እንሞክር፦ 7443 ለ4 ሲካፈል 1860 ደርሶ 3 ይቀራል። 1860ን አትጣሉት! 7443 ላይ ደምሩት፤ 9303 ይሆናል። (እንቁጣጣሽ በየዓመቱ አንድ ቀን ይገፋል፤ ጳጉሜን 6 ስትሆን ደግሞ ሁለት። የምንደምረው ለዚህ ነው።) 9303 ለ7 ሲካፈል ምንም አይቀርም፤ ይህ ሰኞ ነው። 1 ቢቀር ማክሰኞ፣ 2 ቢቀር ረቡዕ ይሆን ነበር። 1939ን ራሳችሁ አስሉት፤ ረቡዕ ይወጣል።

ሉቃስና ሰኞ የሚገናኙት በ28 ዓመት አንዴ ነው። ከ1943 በፊት 1915 ነበር፤ አያቴ ያን ያህል አላረጁም።

ከወረቀታቸው ሁለት ዓመት ገደማ እንደሚያንሱ ነገርኳቸው። «እኔስ ምን አልኩ?» አሉና ቡናቸውን ቀጠሉ።