ወንድሞቻቸውስ የት ገቡ?

ስለ ሐዋሳ ዕድገት ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። ተገቢም ነው። ነገር ግን በፓርኩ ስፌት መኪና ላይ የተቀመጡት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ወንድሞቻቸውስ የት ገቡ? ይህን ዕትም ያዘጋጀነው ለዚህ ጥያቄ ነው።

ብዙዎቹ ግንባታ ላይ ናቸው፤ ግንበኛ፣ አናጺ፣ ፌሮ ሠራተኛ፣ ከሁሉም በታች ደግሞ የቀን ሠራተኛው። ሲሚንቶ ሲጠፋ ኮንክሪት አይሞላም፤ ኮንክሪት ካልተሞላ ማለዳ አደባባይ የቆመው ወጣት ባዶ እጁን ይመለሳል። ባጃጅ ከባለቤት ተረክቦ የሚነዳውም ከዚህ የተሻለ ዋስትና የለውም። የዕለቱን ገቢ ሳያጎድል ማስረከብ አለበት፤ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ያለፈው ሰዓት የሚቀነሰው ከራሱ ድርሻ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ «ጊዜያዊ» እያልን ማለፋችን ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ የሚበላው ከዚህ ነው።

ሐዋሳ በ2012 ዓ.ም. የሲዳማ ክልል መዲና ስትሆን ቢሮዎች ተከፈቱ፤ ጸሐፊ፣ ሾፌርና ጥበቃ ተቀጠረ። ነባሩ ሥራም አልቀረም፤ በከተማዋ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ላይ ዛሬም የዓሣ መረብ ይጣላል።

የአገራችን የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማዋም ሥራውም ተለውጧል። ስለዚህ አንባቢያን፣ እናንተ፣ አባታችሁ ወይም ወንድማችሁ የምትተዳደሩበትን ሥራ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ዕትም እናወጣዋለን።