የአንጎል ጥገና ገበያ፤ ኪሳራውን ማን ይሸከም?

ተስፋም እንደማንኛውም ሸቀጥ ይሸጣል፣ ይገዛል። ልዩነቱ ሲሚንቶ የገዛ ነጋዴ ዕቃውን መጋዘን አስገብቶ ይቆጥራል፤ ተስፋ የገዛ ሰው ግን የሚቆጥረው ዓመት ብቻ ነው። በስትሮክ የተጎዳ አንጎልን በሕዋሳት ለመጠገን የተጀመረው ንግድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ለገበያ ዓምድ አንባቢ የሚያሳስበው ጥያቄ የሕክምና ብቻ አይደለም፤ የሒሳብም ነው። ሙከራው ቢከሽፍ ኪሳራው በማን መዝገብ ላይ ይጻፋል?

እንደሚታወቀው ስትሮክ የሚባለው ወደ አንጎል ደም የሚያደርስ ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚደርስ አደጋ ነው። አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ጄፍሪ ሴቨር እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ስሌት መሠረት፣ ትልቅ የደም ሥር ተዘግቶ ሕክምና ሳያገኝ በሚያልፈው በእያንዳንዱ ደቂቃ 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሕዋሳት ይሞታሉ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው በ4.5 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት። በቀጭን ቱቦ ገብቶ የረጋውን ደም ስቦ የማውጣቱ ሕክምና ለተመረጡ ሕመምተኞች እስከ 24 ሰዓት ድረስ ይሠራል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ፊዚዮቴራፒና ትዕግሥት ነው። ሰዓቱ ያለፈበት፣ እጁ ወይም እግሩ የማይታዘዘው፣ አንደበቱ የተያዘበት ሰው በየአገሩ ብዙ ነው። የገበያው ፍላጎት የሚመነጨውም ከዚህ ነው።

አቅርቦቱ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው፣ አደጋው በደረሰ በአንድና ሁለት ቀን ውስጥ ከጤነኛ ሰው መቅኔ የተወሰዱና የተባዙ ሕዋሳትን በደም ሥር መስጠት ነው። ሁለተኛው፣ ወራትና ዓመታት ካለፉ በኋላ የራስ ቅልን በትንሹ በስቶ ሕዋሳቱን ከተጎዳው የአንጎል ክፍል አጠገብ ማኖር ነው። ብዙ ሰው እንደሚያስበው እነዚህ ከመቅኔ የሚገኙ ሕዋሳት አዲስ አንጎል ሆነው አይበቅሉም። በእንስሳት ላይ እንደታየው በአንድና ሁለት ወር ውስጥ ይጠፋሉ። ተመራማሪዎቹ የሚጠብቁት ከመጥፋታቸው በፊት የሚያመነጩት ንጥረ ነገር የአንጎልን እብጠት እንዲያበርድና የቀሩትን ነርቮች እንዲያነቃቃ ነው። ሐሳቡ ምክንያታዊ ነው፤ ነገር ግን ምክንያታዊ ሐሳብና የተረጋገጠ ውጤት በገበያ ዋጋቸው አንድ ሊሆን አይገባም።

ሁለት ኩባንያዎችን እንመልከት። የመጀመሪያው ሳንባዮ ነው። በካሊፎርኒያ ተቋቁሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በቶኪዮ ‹‹ማዘርስ›› በተባለው የጀማሪ ኩባንያዎች ገበያ አክሲዮኑን አቀረበ። በ2016 በ18 ሕመምተኞች ላይ የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ውጤት ታተመ። ከሕመምተኞቹ አንዳንዶቹ እንቅስቃሴያቸው በመሻሻሉ ዜናው ዓለምን አዳረሰ። ሆኖም ያ ሙከራ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። ቀጥሎ በ163 ሰዎች ላይ በተደረገው ሙከራ አንደኛው ወገን ሕዋሱን ሲያገኝ ሌላው የማስመሰያ ቀዶ ጥገና ብቻ ተደረገለት፤ የትኛው እንደደረሰውም ሕመምተኛው አያውቅም። በጃንዋሪ 2019 ውጤቱ ሲገለጽ በሁለቱ ወገኖች መካከል የታሰበው ልዩነት አልተገኘም።

ከዚያ የሆነውን የገበያ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። በቶኪዮ አንድ አክሲዮን በቀን ሊወርድ የሚችልበት መጠን በደንብ የተወሰነ በመሆኑ፣ የሳንባዮ አክሲዮን ለተከታታይ ቀናት እስከ ወለሉ ወረደ። ሻጭ ሞልቶ ገዥ ጠፋ፤ ልውጣ ያለም መውጫ አጣ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ዋጋው ጠፋ። የማዘርስ ገበያንም አብሮ ስለጎተተው ነጋዴዎች ‹‹የሳንባዮ ድንጋጤ›› አሉት።

ሁለተኛው በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ክሊቭላንድ ከተማ የነበረው አተርሲስ ነው። በደም ሥር የሚሰጠውን ሕዋስ የጃፓኑ ሸሪኩ ሄሊዮስ በ206 ሕመምተኞች ላይ ሞከረው። በሜይ 2022 ዋናው የሙከራ ግብ እንዳልተሳካ ተነገረ። አተርሲስ ብዙም ሳይቆይ አብዛኛውን ሠራተኛውን አሰናበተ፤ በጃንዋሪ 2024 የኪሳራ ጥበቃ ለፍርድ ቤት ጠየቀ። ንብረቱንም ሄሊዮስ ገዛው።

አንባቢ ‹‹እንግዲህ ይህ ሁሉ ውድቀት ነው›› ሊል ይችላል። እኛ ግን ገበያው ሥራውን ሠራ እንላለን። ገንዘባቸውን ያጡት አደጋውን አውቀው፣ ትርፍ ፈልገው የገቡ ባለአክሲዮኖች ናቸው። በደንበኛው አሠራር በሙከራ ውስጥ ያለ ሕመምተኛ ለሚሞከርበት መድኃኒት አይከፍልም። የአክሲዮን ካፒታል የተፈጠረውም ላልታወቀ ነገር ተከራክሮ፣ ከከሸፈ እንዲከስር ነው።

ችግሩ ያለው ሌላው ገበያ ዘንድ ነው። በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ ክሊኒኮች ማነጻጸሪያ ሙከራ ሳያደርጉ ‹‹ስቴም ሴል›› ብለው ለስትሮክ ሕመምተኞች ይሸጣሉ። እነዚህ ክሊኒኮች አክሲዮን ሸጠው ካፒታል መሰብሰብ አያስፈልጋቸውም፤ ካፒታላቸው የሕመምተኛው ኪስ ነው። ባይሠራ የሚከስረው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ማስረጃውን ለማምጣት የሚያስገድዳቸው ባለአክሲዮንም፣ ተቆጣጣሪም የለም።

እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ በታወቀ የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ዘገባ እነሆ። የ66 ዓመት የስትሮክ ሕመምተኛ በቻይና፣ በአርጀንቲናና በሜክሲኮ ክሊኒኮች በአከርካሪው በኩል ሕዋሳት ተሰጡት። በጋዜጦች እንደተዘገበው ከጉዞው ጋር ወደ 300,000 ዶላር ወጪ አድርጓል። በመጨረሻ በአከርካሪው ውስጥ እያደገ የሚሄድ ዕጢ ተገኘ፤ ሲመረመርም የሌላ ሰው ሕዋስ ሆነ። ሰውየው የገዛው ጥገና አዲስ ጉዳት ይዞለት መጣ።

በእነዚህ ሁለት ገበያዎች መካከል ጃፓን ሦስተኛ መንገድ ሞክራለች። ከ2014 ጀምሮ ተስፋ ሰጪ የሆነ የሕዋስ ሕክምና በአነስተኛ መረጃ፣ በጊዜ የተገደበ ፈቃድ አግኝቶ እንዲሸጥ ሕጓ ይፈቅዳል፤ ወጪውንም የሕዝብ የጤና መድን ይሸፍናል። ሳንባዮም በጁላይ 2024 እንዲህ ያለ ፈቃድ አግኝቷል፤ ነገር ግን ለጭንቅላት አደጋ ጉዳት እንጂ ለስትሮክ አይደለም። በዚያው ዓመት ግን በ2015 በተመሳሳይ ፈቃድ የገባ አንድ የልብ ሕክምና ሙሉ ፈቃድ አይገባውም ተብሏል። የመድኑ ገንዘብ እስከዚያ ሲከፈል ቆይቷል። በዚህ መንገድ ኪሳራውን የሚሸከመው ሕዝቡ ነው። ቢያንስ ግን የማብቂያ ቀንና ሒሳብ ጠያቂ አለው።

‹‹አልጋ ላይ የዋለ ሰው ከዚህ በላይ ምን ያጣል?›› የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ያጣል እንጂ። ቤቱን ሸጦ የሄደ ሰው የፊዚዮቴራፒ፣ የአስታማሚና የደም ግፊት መድኃኒት ገንዘቡን ያጣል። ግፊትን መቆጣጠር ደግሞ ሁለተኛውን ስትሮክ ለመከላከል ከተረጋገጡት መንገዶች ዋነኛው ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ውድ ተስፋ ርካሹንና የተረጋገጠውን ጥቅም ይዞ ይሄዳል።

ጉዳዩ ለአዲስ አበባ አንባቢ ሩቅ አይደለም። ለሕክምና ወደ ባንኮክ፣ ወደ ዴልሂና ወደ ኢስታንቡል የሚሄድ ወገን አለን፤ ቤተሰብም አዋጥቶ፣ ውጭ ያለ ዘመድ ዶላር ልኮ ነው የሚሸኘው። በጃንዋሪ 2025 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ነዋይ ገበያም አክሲዮን ገዥ ደንበኛ እያፈራ ነው። ስለዚህ ለሁለቱም፣ ለአክሲዮን ገዥውም ለሕክምና ገዥውም፣ ሦስት ጥያቄዎች እናቀርባለን። ማነጻጸሪያ ያለው ሙከራ ተደርጓል? ስንት ሰው ላይ? ባይሠራ ገንዘቡ የማን ነው? ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ሻጩ ‹‹እነ እገሌ ተራመዱ›› ብሎ ከመለሰ፣ ሦስተኛው መልሱን አግኝቷል።

ሳይንሱ ይቀጥል፤ አንድ ቀንም ይሳካ ይሆናል። እስከዚያ ግን ኪሳራውን መሸከም ያለበት ትርፍ የፈለገ ካፒታል ነው። ‹‹ላም አለኝ በሰማይ›› ማለት ለባለሀብት ይፈቀዳል፤ የሰማዩን ላም ወተት ለሕመምተኛ በጥሬ ገንዘብ መሸጥ ግን ንግድ አይባልም።