መቱ ሂዱ ያልኋቸው እንግዶች

«እንግዳ ደራሽ፣ ውሃ ፈሳሽ» ይላሉ አባቶቻችን። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ወደ ተከራየሁት ክፍል ስመለስ፣ ከመኪና የወረዱ ሦስት እንግዶች በመንገድ ዳር ጠሩኝ። የመጡት የያዮን የቡና ደን ለማየት ነበር። ደኑን አይተው ደስ ብሏቸዋል፤ አሁን ግን ርቧቸዋል። «ወንድም፣ በዚህ ከተማ ጥሩ ምግብ ቤት የት ይገኛል?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም ጥቂት አሰብ አደረግሁና «እዚህ የለም፤ መቱ ሂዱ» አልኋቸው። አመስግነውኝ ሄዱ።

ይህን መልስ ስሰጥ፣ ከቆምሁበት ሥፍራ ሃያ እርምጃ ያህል ርቃ የምትገኘው ያቺ ዘወትር የምታበላኝ ቤት በሯ ተከፍቶ ነበር።

እነሆ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ትምህርቴን ፈጽሜ ከያዮ ልሰናበት ነው። ስለዚህ፣ ውድ አንባብያን፣ ለእነዚያ እንግዶች ልሰጣቸው ይገባኝ የነበረውን መልስ በዚህ መጽሔት ላይ ልጽፈው ፈቀድሁ።

በዚያ ሰዓት «ጥሩ ምግብ ቤት» ሲባል በሐሳቤ የመጣው ምን ነበር? ትልቅ ሰሌዳ፣ የመስተዋት በር፣ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛና በወረቀት የታተመ የምግብ ዝርዝር ነበር። ዳሩ ግን የምግብ ቤት ቁም ነገሩ ይህ አይደለም። ዛሬ እኛም የምንጠቀምበት «ሬስቶራንት» የሚለው ቃል የፈረንሳዮች ሲሆን፣ ትርጓሜው «ኃይልን የሚመልስ» ማለት ነው። ስሙም አስቀድሞ ለደከመ ሰው የሚሰጥ የሥጋ መረቅ መጠሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ዓመታት ይህን መረቅ የሚሸጡ ቤቶች በፓሪስ ሲከፈቱ፣ ስሙ ከመረቁ ወደ ቤቱ ተላለፈ። እንግዲህ አንድን ምግብ ቤት ጥሩ ነው ወይስ አይደለም ለማለት አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው፣ የደከመ ሰው ገብቶ በርትቶ ይወጣል ወይ? የሚለው ነው።

እንዲህ ከሆነ በያዮ ጥሩ ምግብ ቤት ሞልቷል። እኔ ሦስቱን ብቻ እጠቅሳለሁ። ሰሌዳ ስለሌላቸው በስማቸው ልጠራቸው አልችልም።

የመጀመሪያዪቱ በመናኸሪያው አጠገብ ያለችው ቁርስ ቤት ናት። ከበደሌ ወደ መቱ፣ ከመቱም ወደ በደሌ የሚያልፉ ሾፌሮችና ረዳቶች ገና ጎሕ ሲቀድ ይገቡባታል። ጨጨብሳዋ በንጥር ቅቤ የራሰ ነው፤ የሚፈስበትም ማር በዛፍ ላይ ከተሰቀለ ቀፎ የተቆረጠ የደን ማር ነው። ይህን የቀመሰ ሰው፣ ማር ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ዳግመኛ አይጠይቅም።

ሁለተኛዪቱ ከገበያው ጀርባ አንዲት እናት ቡና የሚያፈሉባት በረንዳ ናት። ቡናው በዓይንህ እያየኸው ይቆላል፤ ኮረሪማ ይጨመርበታል፤ ከእርሱም ጋር ትኩስ የበቆሎ ንፍሮ ይቀርባል። በበዓል ቀን ወይም የከበረ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ቡና ቀላ ይሠራሉ፤ ይኸውም የቡናው ፍሬ ከነገለባው በቅቤ ተጠብሶ የሚበላ ነው። ቡና በዓለም ሁሉ ይጠጣል፤ የሚበላበትን ሥፍራ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ሦስተኛዪቱ በትምህርት ቤታችን መንገድ ያለችው ሽሮ ቤት ናት። ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ወንበሯ ረዥም አግዳሚ ነው። በያዮ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም በጉርብትና እንደሚኖር የታወቀ ነው፤ በሥጋ ጊዜ ግን እያንዳንዱ ወደየቤቱ ይለያል። ሽሮ ግን ማንንም አትለይም። በዚያች አግዳሚ ላይ የክፍል ጓደኞቼ ሁሉ ከአንድ ትሪ በልተናል። በሥነ ዜጋ ትምህርት ስለ መከባበር የተማርነውን መልካም ነገር ሁሉ እዚያ በሥራ አይተነዋል።

የዚህችን ቤት ባለቤት እኛ ተማሪዎች «ሃርሜ»፣ ማለትም እናቴ፣ ብለን እንጠራቸዋለን። እርሳቸውም እያንዳንዳችንን «ኢልማ ኮ»፣ ልጄ፣ ይሉናል። ብዙዎቻችን ከገጠር ቀበሌ መጥተን ክፍል ተከራይተን የምንማር ነን። ስንቅ ከቤት በጊዜው ሲመጣ መልካም ነው፤ ዝናብ በርትቶ መንገዱ ሲበላሽ ግን ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ይቀራል። ያን ጊዜ ሃርሜ በዱቤ ያበሉናል። ፊደል ስላልቆጠሩ ደብተሩን ለእኛ ይሰጡናል፤ የበላነውንም በገዛ እጃችን እንጽፋለን። በከተማችን ከዚህ የበለጠ መታመን የተሰጠው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ ብዙ ቀን አመንትቻለሁ፤ ይህን መጽሔት መምህራኖቼም ወላጆቼም ያነቡታልና። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ስንቄ ዘግይቶ፣ በዚያች ቤት ሃያ ሦስት ምሳ በዱቤ በላሁ። በደብተሩ ላይ የጻፍሁት ግን ሃያ ነበር። ገንዘቡ ሲመጣልኝ የሃያውን ከፈልሁ፤ እርሳቸውም መርቀው ተቀበሉኝ። ምርቃቱ ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ከሁለት ወር በኋላ የሦስቱን ዋጋ ይዤ ሄጄ እውነቱን ነገርኋቸው። ሃርሜ ምንም ሳይናገሩ ከመደርደሪያው አንድ ሲኒ አወረዱ። በሲኒው ውስጥ ሦስት የቡና ፍሬ ነበረበት። ለካ አንድ ተማሪ በዱቤ በበላ ቁጥር አንድ ፍሬ ይጥላሉ፤ ሲከፈላቸውም ያወጣሉ። ገንዘቡን ተቀብለው ሦስቱን ፍሬ ከሚቆላው ቡና ጋር ደባለቁና «ተቀመጥ፣ ኢልማ ኮ፤ ቡና ጠጣ» አሉኝ።

በመደርደሪያው ላይ ሌሎችም ሲኒዎች እንዳሉ ያን ቀን አየሁ። አንዳንዶቹ ፍሬ እስከ አፋቸው ሞልቷቸዋል። የማን እንደ ሆኑ ብጠይቅ «ሄደዋል፤ እግዜር ያሳድጋቸው» ብቻ አሉኝ።

እንግዲህ አስተያየቴ ይህ ነው፤ እነዚህ ቤቶች ንግድ ብቻ አይደሉም፤ ከወላጅና ከመምህር ቀጥለው እኛን ለዚህ ያበቁ ናቸው። ይሁን እንጂ የሚገባቸውን አላገኙም። ምግብ በገንዘብ መሸጥ በአገራችን ለብዙ ዘመን እንደ ነውር ይታይ ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ፣ ሰው ከፍሎ መብላትን ስላልለመደ አጤ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው እየሄዱ ሒሳብ በመክፈል እንዳስለመዱ ይነገራል። ንጉሥ ከፍሎ ያከበረውን ሥራ፣ እኛ ተማሪ ነን ባዮች ሳንከፍል ብናዋርደው ምን ይባላል?

አንዳንድ ጓደኞቼ «ቤቶቹ ጢስ ይበዛባቸዋል፤ የእጅ መታጠቢያቸውም የሚያኮራ አይደለም፤ እንግዳ እንዴት ይወሰድባቸዋል?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ በጢሱ እኔም ብዙ ጊዜ አንብቻለሁ። ነገር ግን ዱቤው ያልተከፈላት እናት የጢስ መውጫውን በምን ታሠራለች? እንግዳውን ሁሉ ወደ መቱ እየሰደድን፣ የያዮ ምግብ ቤት አልተሻሻለም ብለን መውቀስ አይገባንም።

ደግሞም ትንሽና ስም የሌለው ነገር ሁሉ የማይረባ እንዳልሆነ ከእኛ አገር ይልቅ የሚመሰክር የለም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ገበሬውን ባስጨነቀ ጊዜ፣ በሽታውን የሚቋቋም ቡና ፍለጋ ተጀመረ። ከተገኙት መካከል 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች የተመረጡት በመቱ አጠገብ ካለችው ከቢሻሪ ነው፤ 74 የሚለውም የተመረጡበትን የ1974 ዓመተ ምሕረት፣ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር፣ ያመለክታል። ከ167 ሺሕ ሔክታር የሚበልጠውም የያዮ የቡና ደን ክልል በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ዘንድ ከከፋ ጋር በአንድነት ሲመዘገብ፣ ሁለቱ በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች ሆኑ። ሊቃውንት ከሩቅ የሚመጡት በዛፍ ጥላ ሥር ማንም ሳይተክለው የበቀለውን ቡና ለማየት ነው። ታዲያ የደኑን ቡና ካከበርን፣ ያንኑ ቡና ቆልቶ የሚያፈላውን እጅ ስለ ምን አናከብርም?

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ ከእኔ ጋር የምትሰናበቱ ጓደኞቼ ሆይ፣ ወደ መኪና ከመግባታችን በፊት በየሲኒው ያለውን ፍሬ እናስወጣ። ገንዘብ የሌለው፣ ዕዳውን ለወላጁ ይንገር፤ ለመናገር ያፈረም ይህን ጽሑፍ ያስነብብ። ሁለተኛ፣ መምህራኖቻችን ሆይ፣ ከታች ክፍል ያሉ ተማሪዎች ከሰዓት በኋላ እየሄዱ ለእነዚህ እናቶች ቁጥርና ፊደል እንዲያስተምሩ ብታደርጉ፣ ደብተሩ በባለቤቱ እጅ ይገባ ነበር። ሦስተኛ፣ ወላጆች ሆይ፣ እንግዳ ሲመጣባችሁ የምታቀርቡለት የታሸገ መጠጥ ብቻ አይሁን። ወደ እነዚህ ቤቶች ወስዳችሁ የአገራችሁን ማርና ቡና አቅምሱት።

እኔ በመጪው ዓመት ዕድል ቢቀናኝ ወደ ዩኒቨርሲቲ እሄዳለሁ። በዚያ ከተማ ሰሌዳቸው የሚያበራ ብዙ ቤቶች እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ ምናልባትም እገባባቸው ይሆናል። ዕዳዬን በእጄ ጽፌ በእምነት የሚቀበለኝ ቤት ግን አገኛለሁ ብዬ ተስፋ አላደርግም።

እነዚያ ሦስት እንግዶች ወይም እንደ እነርሱ ያሉ ሰዎች ዳግመኛ ወደ ያዮ ቢመጡና ከእናንተ አንዱን በመንገድ ዳር ቢጠይቁት፣ እኔ ያልኋቸውን አትበሉ። «ጥሩ ምግብ ቤትማ አለ፤ ኑ፣ ላሳያችሁ» በሏቸው፤ በሩ ድረስም አድርሷቸው።

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ